ቱርቦና የጃፓን የሞዲፋይ ባህል

ሞተር ቤንዚን ብቻውን አያቃጥልም፤ አየር ይፈልጋል። ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። የቱርቦ ሥራ ይህን አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ማስገባት ነው። የሚያንቀሳቅሰውም ያው ሊወጣ የነበረው ጭስ ነው። ትኩሱ ጭስ ወደ ማርሚታው ከመሄዱ በፊት ተርባይኑን ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር ስቦ ይጨምቃል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ሐሳቡን በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አዲስ አበባ ላይ የዚህ ነገር ጥቅም ቶሎ ይገባል። 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ የሚደክመው አንድም በዚህ ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ፒክአፕ ግን የጎደለውን አየር በግፊት ይተካዋል።

ጃፓን ውስጥ ቱርቦን ወደ ቤት መኪና ቀድማ ያመጣችው ኒሳን ናት፤ በ1979 በሴድሪክና በግሎሪያ። ጋራዦቹ ግን ቀድመዋታል። ሂሮዩኪ ሃሴጋዋ የተባለ የቀድሞ የያማሃ መሐንዲስ በ1973 ፉጂ ተራራ ግርጌ ኤችኬኤስ የተባለውን የመኪና ማሻሻያ ኩባንያ መሠረተ። በማግስቱ ዓመት ለተራ መኪና የሚገጠም የቱርቦ ኪት ለገበያ አቀረበ። በ1983 ደግሞ ኤችኬኤስ ያሰናዳው ቶዮታ ሴሊካ በያታቤ የፍተሻ መንገድ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትርን አለፈ። ያኔ አብዛኛው የጃፓን መኪና 180 ላይ እንዲቆም ተደርጎ ነበር የሚሸጠው።

ለእኔ መኪናን ሞዲፋይ የማድረግ፣ ማለትም ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የማጎልበት፣ ባህል ቁልፍ 280 የምትባለው ቁጥር ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ በዓመት ከ10,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ይሞት ነበር። ስለዚህ መኪና አምራቾቹ ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለመሸጥ ተስማሙ። ሕግ አልነበረም፣ ግን እስከ 2004 ተከበረ። መሐንዲሶቹ በዚህ መሐል ጠንካራ ሞተር መሥራታቸውን አላቆሙም። የ1989ኙ ኒሳን ስካይላይን ጂቲአር፣ አር32 የሚባለው፣ ለውድድር ታስቦ የተወለደ ነው። 2.6 ሊትሩ አርቢ26 ሞተር ሁለት ቱርቦ አለው፤ ወረቀቱ ላይ 280 ይላል። ውድድር ላይ ከ500 በላይ ያወጣ ነበር። ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና የተካሄዱትን 29 ውድድሮች ጂቲአር በሙሉ አሸነፈ።

በ1993 የመጣችው የቶዮታ ሱፕራም እንዲሁ ናት። 2ጄዜድ የተባለው ባለ 3 ሊትር ሞተሯ ከብረት የተቀለጠ ሞኖብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) ነበረው። ውስጡ ሳይነካ 600 አካባቢ ይችላል። ፒስተኑና ዘንጎቹ ተቀይረው፣ ሁለቱ ቱርቦዎች ወርደው አንድ ትልቅ ሲገጠም 1,000 ይደርሳል። ፋብሪካው ያልጻፈውን ጉልበት ጋራዡ አወጣው ማለት ነው። ማዝዳ አርኤክስ7፣ ሚትሱቢሺ ኢቮሉሽንና ሱባሩ ኢምፕሬዛም የየራሳቸው ወዳጅ አላቸው። ሁለቱ የኋለኞቹ ስማቸውን ያገኙት ከራሊ ነው።

ግፊት መጨመር ቀላል ሊመስል ይችላል። አይደለም። የተጨመቀ አየር ይግላል፤ ስለዚህ ከፊት ባለው ኢንተርኩለር ይቀዘቅዛል። ቤንዚኑ ካነሰ ፒስተን ይበሳል። ትልቅ ቱርቦ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ ግን ነዳጅ ሲረገጥ ቶሎ አይነሳም። የሞተር ዘይት ነገርማ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በኃይል ከተነዳ በኋላ ሞተሩ ወዲያው ቢጠፋ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ይቃጠላል፣ ኩሽኔታውም ይበላል። ለዚህ ነው የ1990ዎቹ መኪኖች ውስጥ ቱርቦ ታይመር የምትባል ትንሽ ሣጥን የምትታየው። ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ታቆየዋለች። ሾፌሩ በሩን ዘግቶ ሄዷል፤ መኪናው ግን ገና እየቀዘቀዘ ነው።

የሌሊት እሽቅድምድሙም የዚህ ታሪክ አካል ነው። ከቶኪዮ ወደ ዮኮሃማ በሚወስደው የዋንጋን ፈጣን መንገድ ላይ አንዳንዶች ከ250 በላይ ይነዱ ነበር። ይህን ማሞገስ አይገባም፤ መንገዱ ላይ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰውም አለ። የተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ድሪፍትን፣ መኪናን በጎን እያንሸራተቱ መንዳትን፣ ወለደ። የድሪፍት ንጉሥ የሚባለው ኬይቺ ጹቺያ ከዚያ ነው የመጣው። ከ2001 ጀምሮ ዲ1 ግራንድ ፕሪ የሚባል ሕጋዊ ውድድር ሆኗል።

ዛሬ ዮኮሃማ ባለው የዳይኮኩ ማረፊያ ቅዳሜ ማታ ብዙ አሮጌ መኪኖች ይሰለፋሉ። ዋጋቸው ግን ሌላ ሆኗል። አሜሪካ 25 ዓመት የሞላውን መኪና በቀላሉ ስለምታስገባ ገዢው በዝቷል፤ አር34 ጂቲአርም በ2024 ዕድሜው ደረሰ። የጃፓን ወጣት ቀድሞ በደሞዙ ይይዘው የነበረውን መኪና አሁን ከውጭ ገዢ ጋር መፎካከር አለበት። መለዋወጫም መጥፋት ጀምሮ ነበር። በዚህ በኩል ኒሳን ጥሩ ሠርታለች፤ የስፖርት ክፍሏ ኒስሞ ከ2017 ጀምሮ የአር32ን ዕቃዎች እንደገና ያመርታል፣ በኋላም የአር33ንና የአር34ን ጨምሯል።