ስለ ፐልፕ መጽሔቶች በስህተት የሚባለው እና እውነታው

"ፐልፕ ማለት ያው የድሮ ኮሚክ ነው አይደል?" መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። አይደለም። ኮሚክ በሥዕል የሚተረክ ነው፣ ፐልፕ ግን በጽሑፍ የሚነበብ መጽሔት ነው። ከመቶ ገጽ በላይ ልብ ወለድ ይታጨቅበታል፣ መሃል መሃል ላይ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ጣል ይደረግበታል። በቀለም የደመቀው ሽፋኑ ብቻ ነው። ስሙን ያገኘው ከወረቀቱ ነው፦ ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ፣ ሻካራና ርካሽ ወረቀት። አሜሪካዊው አሳታሚ ፍራንክ መንሲ በ1896 (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አርጎሲ የተባለውን መጽሔቱን ሙሉ በሙሉ ልብ ወለድ አድርጎ በዚህ ወረቀት ማተም ጀመረ። ዋጋው 10 ሳንቲም ስለነበር ኪሱ የሳሳውም ይገዛው ነበር።

"ባትማንና ሱፐርማን ከመምጣታቸው በፊት ምንም አልነበረም" የሚለው ግን በጣም ያናድደኛል። ሻዶው የሚባለውን ገጸ ባሕርይ እንውሰድ። በ1930 በሬዲዮ የሚሰማ አስፈሪ ድምፅ ብቻ ነበር። አድማጩ ወደ ጋዜጣ ሻጮች እየሄደ "የሻዶው መጽሔት አለ?" ማለት ሲያበዛ ስትሪት ኤንድ ስሚዝ የተባለው አሳታሚ በ1931 መጽሔቱን አወጣለት። ከ325ቱ ልብ ወለዶች 282ቱን የጻፈው ዋልተር ጊብሰን ነው፣ ማክስዌል ግራንት በሚል የብዕር ስም። ጥቁር ካባ ለብሶ በሌሊት ወንጀለኛ የሚያሳድድ፣ ቀን ቀን ሀብታም መስሎ የሚታይ ሰው። የምታውቁትን ሰው አላስታወሳችሁም? በ1939 ዲቴክቲቭ ኮሚክስ ቁጥር 27 ላይ የወጣውን የመጀመሪያውን የባትማን ታሪክ አንብቡና፣ ቴዎዶር ቲንስሊ ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት የጻፈውን አንድ የሻዶው ታሪክ አጠገቡ አስቀምጡት። ሁለቱም ላይ የኬሚካል ድርጅት ሸሪኮች አንድ በአንድ ይገደላሉ። የባትማኑን የጻፈው ቢል ፊንገር ራሱ ኋላ ላይ የመጀመሪያ ጽሑፉን ከሻዶው እንደወሰደው ተናግሯል።

ኮሚክን የጀመሩት ሰዎችም ቢሆኑ ያው የፐልፕ ሰዎች ናቸው። በ1935 ኒው ፈን የተባለውን፣ ከጋዜጣ የተለቀመ ሳይሆን አዲስ የተሠራ የሥዕል ታሪክ የያዘ መጽሔት ያወጣው ሻለቃ ማልኮም ዊለር ኒኮልሰን ከፈረሰኛ ጦር ከወጣ በኋላ ለፐልፕ የጀብዱ ታሪክ ይጽፍ ነበር። ኋላ ዲሲ ኮሚክስ የሆነው ድርጅቱ ዕዳ ሲበዛበት በእጁ ያስገባው ሃሪ ዶነንፌልድም የፐልፕ አሳታሚ ነው። የማርቬል ኮሚክስ መሥራች ማርቲን ጉድማን ደግሞ ማርቬል የሚለውን ስም መጀመሪያ የተጠቀመው በ1938 በጀመረው የሳይንስ ልብ ወለድ ፐልፕ ላይ ነው። ማርቬል የሚባለው ኮሚክ በዓመቱ መጣ፤ የጫካ ጀግናውን ካ-ዛርንም ከራሱ ፐልፕ አንስቶ እዚያው የመጀመሪያ ዕትም ውስጥ አስገባው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተርም እነዚህን መጽሔቶች እያነበቡ ያደጉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ኮሚክ እሰበስባለሁ የሚል ሰው ፐልፕን አላውቅም ሲለኝ ያሳዝነኛል፤ የሚወደው ነገር ግማሹ እዚያ ነው ያለው።

አንድ ስህተት ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። አሜዚንግ ስቶሪስ በተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፐልፕ የነሐሴ 1928 ሽፋን ላይ የመብረሪያ መሣሪያ ታጥቆ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ሰው አለ። ሻጮች ኋላ ዝነኛ በሆነው የጠፈር ጀግና ስም "የባክ ሮጀርስ ሽፋን" ይሉታል። ሥዕሉ ግን እዚያው ዕትም ላይ መውጣት ለጀመረ ለሌላ ታሪክ፣ ለደራሲው ኢ. ኢ. ስሚዝ ልብ ወለድ የተሠራ ነው። እርግጥ ሮጀርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚሁ ዕትም ውስጥ ነው፤ ስሙ ግን ገና አንቶኒ ነበር። ባክ የተባለው በጥር 7 ቀን 1929 ጋዜጣ ላይ የሥዕል ታሪክ ሆኖ ሲጀምር ነው። የሚገርመው የታርዛን የሥዕል ታሪክም የጀመረው በዚያው ቀን ነው፣ እሱም ከፐልፕ የመጣ።

ከኮሚኩም ወገን ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ሱፐርማን መጀመሪያ የወጣበት የ1938ቱ አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 በ1974 በትልቅ መጠን እንደገና ታትሟል። የውጭ ሽፋኑ ከተገነጠለ ውስጡ ቁርጥ የ1938ቱን ይመስላል። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ የዋናው ቁመት 27 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፣ ይሄኛው 34 ይጠጋል።

"ፐልፕ የወንዶች ነበር" የሚሉም አሉ። ላቭ ስቶሪ የተባለው የፍቅር መጽሔት በየሳምንቱ እየወጣ ይቸበቸብ ነበር፤ ከ1928 ጀምሮ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ያዘጋጀችው ደግሞ ዴዚ ቤከን ናት። ዊርድ ቴልስ የተባለውን የአስፈሪ ታሪኮች ፐልፕ የ1930ዎቹ ዝነኛ ሽፋኖች የሣለችውም ማርጋሬት ብሩንዴጅ ናት።

"ካረጀ ውድ ነው" ማለትም አያስኬድም። ታርዛን የወጣበት የጥቅምት 1912 ኦል ስቶሪ መጽሔት የሀብታሞች ነው። የካውቦይና የፍቅር ታሪኮች ግን ዛሬም ብዙ ሰው አይሻማባቸውም፣ እኔም የጀመርኩት በእነሱ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የራሴ ነበር። የተቀደደ ሽፋን በስኮች የሚድን መስሎኝ ለጠፍኩት። ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ገባ፣ ሊለቅም አልቻለም። የዚህ ወረቀት ችግር አሲዱ ነው፤ ከራሱ ከውስጥ እየበላ ያፈራርሰዋል፣ ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል። አንዴ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሳነብ ከተነሣሁ በኋላ ሱሪዬ ላይ የቀረውን ቡናማ ፍርፋሪ አይቼ ደነገጥኩ። ተራ ፌስታል ውስጥ መክተት፣ ጣሪያ ሥር ወይም እርጥብ ምድር ቤት መወርወር የለም። አሲድ የሌለው ካርቶን ከጀርባው ይደረጋል፣ ለዚሁ በተሠራ ጥራት ባለው የፖሊስተር ፕላስቲክ ይሸፈናል፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ማንበብ ሲያምረኝ ስካን የተደረገውን በስልኬ እከፍታለሁ፤ ወረቀቱን የማወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው፣ ያውም ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ በሁለት እጅ ተይዞ።