የአዲስ አበባ አፈርና የመሬት መንቀጥቀጥ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባም አብራ ስትወዛወዝ ከረመች። የካቲት 7 ላይ የተመዘገበው መጠኑ 6.0 ደርሶ ነበር። ያኔ ታክሲ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ቴሌግራም ላይ ሁሉም ሰው የአፈር ባለሙያ ሆነ። ብዙ ትክክል ነገር ተባለ፤ ብዙ ስህተትም ተባለ። ከተማችን የተቀመጠችው ድሮ የፈነዱ እሳተ ገሞራዎች በተዉት አለትና አፈር ላይ ነው። ተመሳሳይ መሬት ላይ ያሉ ሌሎች ከተሞች ደግሞ ከኛ በፊት ብዙ አይተዋል።

"አዲስ አበባ አለት ላይ ናት፤ ምንም አትሆንም"

ከታች አለት መኖሩ እውነት ነው። ዋናው ጉዳይ ከአለቱ በላይ ያለው ነው። እንጦጦ ተዳፋት ላይ ብዙ ሳይቆፈር አለት ይገኛል። ወደ ቦሌ፣ አቃቂና ቃሊቲ ሜዳ ሲወረድ ግን ዋልካው ይወፍራል። ዋልካም ያው የእሳተ ገሞራ አለት ለዘመናት በስብሶ የሆነው ነው። የመንቀጥቀጡ ሞገድ ከአለት ወጥቶ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ውዝዋዜው ግን ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ መንቀጥቀጥ ሁለት ሰፈር እኩል አይነቀነቅም።

"ማዕከሉ ሩቅ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ይደክማል"

አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል። ሜክሲኮ ሲቲ ግን ይህን አምና የምትቀመጥ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 19፣ 1985 የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 8.0 ነበር። መነሻው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ የፓስፊክ ዳርቻ ላይ ነው። ሆኖም ከተማዋ ውስጥ ሺዎች ሞቱ።

ምክንያቱ መሃል ከተማው የተሠራበት የድሮ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ውስጥ ለዘመናት የተከማቸው የእሳተ ገሞራ አመድ ውሃ የጠገበ ለስላሳ ሸክላ አፈር ሆኗል። የከተማዋ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ፈሶ በረጋ አለት (ላቫ) ላይ ነው። በሁለቱ ቦታዎች የነበሩት መመዝገቢያዎች ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው የሚራራቁት። የሐይቁ አፈር ላይ ያለው ግን ከላቫው አምስት እጥፍ ገደማ የበረታ ንቅናቄ መዘገበ።

"ፎቅ በበዛ ቁጥር አደጋው ይብሳል" የሚለውም እዚያው ፈረሰ። ያ አፈር በየ2 ሰከንዱ ገደማ ነበር የሚወዛወዘው። ክፉኛ የተመቱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው፤ የራሳቸው ውዝዋዜ ከአፈሩ ጋር ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1956 የተጠናቀቀው ባለ 44 ፎቁ ላቲኖአሜሪካና ግንብ ቆሞ ቀረ። ብዙ ትናንሽ ቤቶችም ተረፉ።

ይህን ስል ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። የኛ ዋልካ እንደዚያ ሐይቅ ጥልቅም፣ ውሃ የሞላውም አይደለም።

"ዋልካ ሲንቀጠቀጥ እንደ ውሃ ይፈሳል"

አይፈስም። በመንቀጥቀጥ የሚፈሰው ላላ ያለ፣ አሸዋማ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ውሃ የሞላበት አፈር ነው። ዋልካ የሚጣበቅ ስለሆነ እንደዚያ አይበተንም። የዋልካ አመል ሌላ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸማቀቃል። የ2017ቱ መንቀጥቀጥ የበረታው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ልክ ዋልካው ደርቆ በሚሰነጠቅበት ወቅት ነበር። እኔ ያኔ ፎቶ እየተነሱ ከተለጠፉት የግድግዳ ስንጥቆች ጥቂት የማይባሉት ዓመታዊ የዋልካ ሥራ ናቸው ባይ ነኝ።

"ሙሌቱ ስንት ዓመቱ! አሁን ጠንክሯል"

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ጃፓን ውስጥ የሳፖሮ ከተማ ኪዮታ ክፍል ኮረብታማ ነበር። ቤት ለመሥራት ኮረብታው ተቆርጦ ሸለቆው ተሞላ። የተሞላበት አፈር ከሺኮትሱ እሳተ ገሞራ የመጣ፣ ፑሚስ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛበት ነው። ፑሚስ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ውሃ ይይዛል፣ ሲጨቆንም ይደቃል። ከላይ አስፋልት፣ ቤት፣ የአበባ ቦታ፤ ሰው አሥርት ዓመታት ኖረበት።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 6፣ 2018 ሳፖሮ ያለችበት ደሴት ሆካይዶ ተናወጠች። ኪዮታ ውስጥ ባለው ሳቶዙካ ሰፈር የድሮው ሸለቆ ሙሌት ፈሳሽ ሆነ። ከመሬት በታች ቁልቁል ሄዶ ታች ባለው መንገድ ላይ ወጣ። ከላይ የቀሩት ቤቶች አጋደሉ፣ መንገዱ ሰጠመ። ተቆርጦ የተስተካከለው የኮረብታ ክፍል ላይ ያሉት ጎረቤቶች ግን ያን ያህል አልተጎዱም። አሥርት ዓመታት ውሃውን አላወጡትም፤ በደንብ ያልተጠቀጠቀውንም አልጠቀጠቁትም።

እኛም ጋ ወንዝ ዳር በሙሌት የተደላደለ ቦታ ብርቅ አይደለም። ቤት ልትገዙ ስትሄዱ ስለ ሴራሚኩ ከመጠየቃችሁ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌ "ድሮ እዚህ ምን ነበር?" በሉ። ጅረት ነበር ካሏችሁ፣ ሙሌቱ ምን እንደሆነና በንብርብር እየተጠቀጠቀ መሞላቱን አጣሩ።

"ገደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጠንካራ ነው"

የኤል ሳልቫዶር ዋና ከተማ ሳን ሳልቫዶር የተሠራችው ከኢሎፓንጎ እሳተ ገሞራ የወጣ ነጭ አመድ ላይ ነው። ተቆርጦ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የያዘው ግን በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ትንሽ እርጥበት ነው፤ ልጆች በእርጥብ አሸዋ ቤት እንደሚሠሩት። ጭራሽ ሲደርቅ፣ ውሃ ሲጠግብ ወይም ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። ወደ ገደል ጫፍ መጠጋት፣ ወይም የገደሉን እግር ቆርጦ ግቢ ማስፋት በእንዲህ ያለ አፈር ላይ አይመከርም።

"የአፈር ምርመራ ለትልቅ ፎቅ ነው"

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ስታንዳርድ መሬትን ከአለት እስከ ላላ አፈር በዓይነት ይከፍላል። ለእያንዳንዱም የተለየ የኃይል ስሌት ያዛል። ስለዚህ እንጦጦ ሥር ለተሠራ ጂ ፕላስ ቱ የተሠላ ዲዛይን ቦሌ ዋልካ ላይ አይሠራም። ፕላን ከዘመድ ኮፒ አድርጎ መሥራት ለኛ የተለመደ ነው፤ ገንዘብም ይቆጥባል። የወረቀቱ መስመር ከቦታ ቦታ አይለወጥም፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን በ200 ሜትር ውስጥ ሊለወጥ ይችላል።