የለጋሽ ስም እንደ አደራ፦ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና የደጋፊዎቻቸው የግል መረጃ

አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ከለጋሽ እጅ ገንዘብ ሲቀበል፣ ከገንዘቡ ጋር ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አብረው ይገባሉ። ለጋሹ በየወሩ ለመስጠት ቃል ከገባ ወይም በበጎ ፈቃደኝነት ካገለገለ መዝገቡ እየሰፋ ይሄዳል፤ ዕድሜው፣ ሥራው፣ የቤተሰቡ ሁኔታ፣ አንዳንድ ጊዜም ለመስጠት ያነሳሳው የግል ሐዘኑ ጭምር ይሰፍርበታል። የካንሰር ሕሙማንን የሚረዳ ማኅበር ካሉት ለጋሾች ብዙዎቹ በዚያ በሽታ ዘመድ ያጡ ወይም ራሳቸው የታመሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በዝርዝሩ ላይ ስም መገኘቱ ብቻ ስለ ጤና የሚናገረው ነገር አለ። ለሃይማኖት ተቋም፣ ለመብት ተሟጋች ወይም ከአንድ አካባቢ ለተፈናቀሉ ወገኖች የተሰጠ ገንዘብም የሰጪውን እምነት፣ የፖለቲካ አመለካከት ወይም ትውልድ ሊጠቁም ይችላል። የለጋሾች መዝገብ ከነጋዴ የደንበኞች መዝገብ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደንበኛ በገንዘቡ ዕቃ ይገዛል፣ ለጋሽ ግን ገንዘቡንም ማንነቱንም አምኖ ትቶ ይሄዳል።

በኢትዮጵያ ልማድ ውስጥ ይህ ጉዳይ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ በሚደረግ የገቢ ማሰባሰቢያ ላይ የሰጪዎች ስምና የሰጡት መጠን በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ በዚያው መድረክ ላይም «ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ አንድ ምእመን» የሚል ማስታወቂያ ይሰማል። ሁለቱም ልማዶች ሥር አላቸው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት በስውር እንዲሆን ያዛል፤ ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ ቁጥር 271 ምጽዋትን በይፋ መስጠት መልካም እንደሆነ፣ ደብቆ ለድሆች መስጠት ግን የበለጠ እንደሆነ ይናገራል። በድምፅ ማጉያው ፊት የቆመው አስተባባሪ ስሙን ከማንበቡ በፊት «ይነበብ ወይስ ይቅር?» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ የዛሬ ሕጎች ፈቃድ የሚሉት ነገር ፍሬ ሐሳብ ነው። ምርጫው የሰጪው እንጂ የተቀባዩ አይደለም።

ይህ ጥያቄ በስልክና በኢንተርኔት በሚደረግ መዋጮ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በባንክ መተግበሪያ ወይም በቴሌብር ገንዘብ የላከ ሰው የደረሰኙን ፎቶ ለአስተባባሪው ይልካል፤ አስተባባሪውም ሌሎችን ለማነሣሣትና ገንዘቡ መግባቱን ለማሳየት ሲል ፎቶውን በቴሌግራም ቻናል ላይ ይለጥፋል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግልጽነትን ለማሳየት የተደረገ ነው። ሆኖም በደረሰኙ ላይ የላኪው ሙሉ ስም፣ የሒሳብ ወይም የስልክ ቁጥርና የገንዘቡ መጠን ሊነበብ ስለሚችል፣ ለአጭበርባሪ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም፦ ማን ገንዘብ እንዳለው፣ በየትኛው ባንክ እንደሚጠቀምና በምን ዓይነት ጥሪ ልቡ እንደሚነካ በአንድ ምስል ያገኛል። የገንዘቡን አገባብ በግልጽ ማሳየት ከተፈለገ ጠቅላላ ድምሩንና የለጋሾችን ብዛት መግለጽ፣ አለዚያም በደረሰኙ ላይ ያለውን ስምና ቁጥር መሸፈን ይበቃል። እንደ ጎፈንድሚ ባሉ የመዋጮ መድረኮች ላይ ስሙን የደበቀ ሰውም ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ስሙ ከሕዝብ ዓይን ቢሰወርም መዋጮውን የከፈተው አስተባባሪ ያየዋል።

የብሪታንያ ልምድ

የለጋሾች መረጃ አያያዝ የሕዝብ መነጋገሪያ የሆነበት ዋናው አገር ብሪታንያ ነው። በብሪስቶል ከተማ ለቀድሞ ወታደሮች መርጃ የሚውለውን የቀይ አበባ ምልክት በመሸጥ ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉ የ92 ዓመት አዛውንት እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ሕይወታቸው አለፈ። ቤተሰባቸው ለሞታቸው ድርጅቶቹን ተጠያቂ አላደረገም፤ ነገር ግን የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤዎች እንዴት ያጣድፏቸው እንደነበር በመታወቁ አገሩ ተቆጣ። በወቅቱ የገቢ ማሰባሰብን ሥነ ምግባር ይከታተል የነበረው አካል ባደረገው ምርመራ የአዛውንቷ ስም በ99 በጎ አድራጎት ድርጅቶች መዝገብ ላይ ተገኘ። በአንድ ዓመት ብቻ 466 ደብዳቤዎች ሳይደርሷቸው እንዳልቀረ ተገመተ፤ ከድርጅቶቹም አብዛኞቹ አድራሻቸውን ያገኙት ከሦስተኛ ወገን እንጂ ከእርሳቸው አልነበረም። አንድ ደግ ሰው ለአንዱ በሰጠ ቁጥር ስሙ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር ማለት ነው፤ በዚህ አሠራር የበለጠ የሚጎዳው ደግሞ የበለጠ የሚሰጠው ሰው ነው።

የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት የሚባለው የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ምርመራውን ቀጥሎ በዲሴምበር 2016 ሁለት ታላላቅ ድርጅቶችን ቀጣ፦ የእንስሳትን መብት የሚጠብቀውን አር.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. 25,000 ፓውንድ፣ የልብ ሕመም ምርምርን የሚደግፈውን ብሪቲሽ ሃርት ፋውንዴሽን ደግሞ 18,000 ፓውንድ። በኤፕሪል 2017 ሌሎች 11 ድርጅቶች ተጨመሩ። ጥፋቶቹ በሦስት መልክ የታዩ ነበሩ። የመጀመሪያው የለጋሾችን ዝርዝር ለውጭ ኩባንያ ሰጥቶ ማን ሀብታም እንደሆነ፣ ማን በኑዛዜው ንብረት ሊያወርስ እንደሚችል ማስመርመር ነው። ሁለተኛው ለጋሹ ሆን ብሎ ያልሰጠውን ስልክ ቁጥር ወይም አድራሻ ከሌላ ምንጭ ፈልጎ መሙላት ነው። ሦስተኛው ዝርዝሩን ከሌሎች ድርጅቶች ጋር መለዋወጥ ሲሆን፣ ለጋሹ ስሙ ለማን እንደደረሰ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ኮሚሽነሯ ኤሊዛቤት ደንሃም ቅጣቱን ሆን ብለው ዝቅ ያደረጉት፣ ከባድ ቅጣት ቢጣል ጉዳቱ ተመልሶ በለጋሾቹ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ነው። በእኔ እምነት ከሦስቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው። ስልኩን ሳይሰጥ የቀረ ሰው በዝምታው የተናገረው ነገር አለ፤ ቁጥሩን ከጀርባው መፈለግ ያንን ዝምታ እንደ መጣስ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ተለወጠ። በ2016 ገቢ ማሰባሰብን የሚቆጣጠር አዲስ አካል ተቋቋመ፤ በጁላይ 2017 ደግሞ ማንም ሰው የድርጅቶችን ስም ጠቅሶ «ከእንግዲህ አትጻፉልኝ፣ አትደውሉልኝ» የሚልበት ነፃ አገልግሎት ተጀመረ። ባሕር ላይ አደጋ የደረሰባቸውን የሚያድነው አር.ኤን.ኤል.አይ. የተባለው ድርጅት ከሁሉም ቀድሞ፣ ፈቃዳቸውን በግልጽ ላልሰጡ ሰዎች የእርዳታ መጠየቂያ እንዳይልክ በ2015 ወሰነና ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ አዋለው። ውሳኔው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 36 ሚሊዮን ፓውንድ ሊያሳጣው እንደሚችል አስቀድሞ ገምቶ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ፈቃድን ማስቀደሙ በዘርፉ ታሪክ ውስጥ ሊታወስ የሚገባው ነው። በአንጻሩ በጁን 2025 የጸደቀ ሕግ፣ ድርጅቶች ከዚህ ቀደም ድጋፍ ላደረጉላቸው ሰዎች ያለ አዲስ ፈቃድ በኢሜይልና በአጭር መልእክት እንዲጽፉ በር ከፍቷል፤ ይህም የሚፈቀደው ለጋሹ በመጀመሪያውም ሆነ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ በቀላሉ እምቢ የሚልበት መንገድ ከተሰጠው ነው።

መዝገቡ በሌላ እጅ ሲሆን

አብዛኞቹ ድርጅቶች የለጋሾችን ዝርዝር በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ አያኖሩም፤ ለዚህ ሥራ ፕሮግራም የሚያከራዩ ኩባንያዎች አሉ። መዝገቡን ለሌላ ማስያዝ ኃላፊነቱን አያሻግርም፣ አደጋውን ግን ከብዙዎች ጋር ያስተሳስራል። መቀመጫውን በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ያደረገው ብላክቦድ በ2020 የደረሰበት የሳይበር ጥቃት ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ነው። ሰርጎ ገቦቹ በፌብሩዋሪ ገብተው እስከ ሜይ ድረስ ሳይታወቅባቸው ቆዩ፤ ኩባንያው ማስለቀቂያ ገንዘብ በቢትኮይን ከፈለ፤ ነገሩን ይፋ ያደረገው ግን በጁላይ አጋማሽ ነበር። ከ13,000 በላይ ደንበኞቹ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ጉዳቱ ደረሰባቸው። በመጀመሪያ የባንክ ሒሳብ መረጃ አልተነካም ተብሎ ቆይቶ በሴፕቴምበር የአንዳንድ ለጋሾች የባንክና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሮች ያለ ምስጠራ መወሰዳቸው ተነገረ። በ2023 ኩባንያው ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ 3 ሚሊዮን፣ ለ49 ግዛቶችና ለዋሽንግተን ዲሲ 49.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በበኩሉ በ2024 ባጸደቀው ትእዛዝ የማያስፈልገውን መረጃ እንዲሰርዝ አስገደደው፤ ከኩባንያው ጋር ከተለያዩ ዓመታት ያለፏቸው ደንበኞች መረጃ ሳይቀር ተከማችቶ ተገኝቶ ነበርና። ያልተሰረዘ አሮጌ መዝገብ ለማንም ሳይጠቅም ለሌባ ብቻ ይቆያል።

ከመንግሥት ዓይን መሰወር

የለጋሽ ስም መጠበቅ አንዳንድ ጊዜ ከወንጀለኛ ብቻ ሳይሆን ከባለሥልጣንም ነው። የአላባማ ግዛት የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የአባላቱን ዝርዝር እንዲያስረክብ ጠይቆ፣ እምቢ ሲል 100,000 ዶላር ቅጣት ተጣለበት። ዝርዝሩ ቢወጣ አባላቱ ሥራቸውንም ሕይወታቸውንም ሊያጡ እንደሚችሉ ሁሉም ያውቅ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1958 በሙሉ ድምፅ ለማኅበሩ ፈረደ። በ2021 ይኸው ፍርድ ቤት፣ በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ድርጅቶች የታላላቅ ለጋሾቻቸውን ስም ለግዛቱ ዐቃቤ ሕግ እንዲያስረክቡ የሚያስገድደውን ደንብ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ሻረ። ግዛቱ ሰነዶቹን በምስጢር እንደሚይዝ ቃል ቢገባም፣ ወደ 2,000 የሚጠጉት በስሕተት በድረ ገጹ ላይ ተለጥፈው መገኘታቸው በክርክሩ ውስጥ ተነሥቷል።

የአውሮፓና የኢትዮጵያ ሕግ

ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ አትራፊውንና ለትርፍ ያልተቋቋመውን አይለይም። በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት አነስተኛ መረዳጃ ማኅበርም የአባላቱን ስም በኤክሴል እስከያዘ ድረስ በደንቡ ይገዛል። ደንቡ ሃይማኖትን፣ የፖለቲካ አመለካከትን፣ የዘር ምንጭንና ጤናን የሚገልጥ መረጃን በልዩ ጥበቃ ሥር ያኖረዋል። የሃይማኖትና የፖለቲካ ማኅበራት የራሳቸውን አባላት መረጃ ለውስጥ ሥራቸው እንዲይዙ ሲፈቅድ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከማኅበሩ ውጭ እንዳያወጡት ይከለክላል።

በኢትዮጵያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል፤ ዝርዝር ሕግ የተገኘው ግን በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው (የአዋጆቹ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ መረጃ ሲሾልክ ድርጅቱ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቀው ይጠበቃል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገቡ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ለብዙ ዓመታት ስለ ገንዘባቸው ሪፖርት ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ስለ ያዙት የሰዎች መረጃ መጠየቅ ግን ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነው። ለውጡ በትንሹም ሊጀመር ይችላል፦ የለጋሾች መዝገብ በማን ስልክ ውስጥ እንዳለ ማወቅና ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ዝርዝሩን ይዞ እንዳይሄድ ማድረግ ብዙውን ቀዳዳ ይደፍናል።

አያያዝና ስረዛ

ጠንቃቃ ድርጅት ገና ቅጹን ሲያዘጋጅ ለሥራው የማያስፈልገውን ጥያቄ ያወጣል፤ ደረሰኝ ለመላክ የትውልድ ቀን አያስፈልግም። ፈቃድ የሚጠየቅበት ሳጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት አይቀርብም፤ ለጋሹ ራሱ ምልክት ያደርግበታል። በድርጅቱ ውስጥም ሁሉም ሠራተኛ ሁሉንም መዝገብ እንዲያይ አይደረግም።

«ስሜን ሰርዙልኝ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በብሪታንያ ድርጅቶች ግብር ከፋይ በሰጣቸው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ሳንቲም ከመንግሥት ያስመልሳሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን የለጋሹን ስምና የመኖሪያ አድራሻ የያዘ ሰነድ ግን የመጨረሻው ስጦታ ከተጠየቀበት በኋላ 6 ዓመት ማቆየት አለባቸው። ስለዚህ ሰውየው ከደብዳቤ ዝርዝር ወጥቶም በሒሳብ ሰነድ ውስጥ ይቆያል፤ ይህንንም ሳይደብቁ ሊነግሩት ይገባል። ሌላም አለ፦ ስሙ ፈጽሞ ከተሰረዘ ድርጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ምንጭ ያንኑ ስም ሊያገኝና እንደ አዲስ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። ይህን ለመከላከል ከሙሉው መዝገብ ስምና አድራሻ ብቻ ተለይተው፣ ገንዘብ የሰጠበት ታሪክና ሌላው ዝርዝር ተሰርዞ፣ «እንዳይጻፍላቸው የጠየቁ» በሚል የተለየ ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣሉ። ማንኛውም አዲስ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት የተቀባዮቹ ስም ከዚህ ዝርዝር ጋር ይመሳከራል፤ ዝርዝሩ ከዚህ ውጭ ለሌላ ሥራ አይውልም።