«ሰውነትን መሠረት ያደረገ ልምምድ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጦርነቱን ካሳለፉት መካከል፣ ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ ልቡ የሚመታና ጡንቻው የሚኮማተር ሰው አለ። ይህ የድፍረት ማነስ ሳይሆን፣ አደጋን የሚጠብቀው የነርቭ ሥርዓት አደጋው ማለፉን ገና ባለመቀበሉ የሚመጣ ነው። «ሰውነትን መሠረት ያደረገ ልምምድ» ማለትም ብዙዎች እንደሚረዱት ስፖርት አይደለም። እግርን ወለሉ ላይ አጽንቶ ክብደትን ማስተዋል፣ ትከሻን አጥብቆ ይዞ ከዚያ መልቀቅ፣ በተለይም አየርን ከሳቡበት ጊዜ አስረዝሞ ቀስ ብሎ ማስወጣት ሲሆን፣ ረጅሙ ትንፋሽ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ አካልን ያረጋጋል። ዐይን መጨፈን ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ትዝታው ለሚበረታበት ሰው ዐይንን ገልጦ፣ በመስኮት የጦሳን ተራራ እያዩ መተንፈስ ይሻላል። ጭንቀቱ ከተባባሰ ወዲያው ማቆም ይገባል። ልምምዱ ሕክምናን ይደግፋል እንጂ አይተካም፤ ስለዚህ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይሂድ።