የድሮ ግንብ በሲሚንቶ አይድንም፤ ስለ ቅርስ ጥገናና ስለ በጎ ፈቃድ የሚነገሩ ስህተቶች

ሐረር ውስጥ ግንበኛ ነኝ። ሥራዬ ጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ የድሮ ቤት ማደስ ነው። ባለፈው ሐምሌ ለሦስት ሳምንት ፈረንሳይ ሄጄ ነበር። አንዲት ትንሽ መንደር ላይ የፈረሰ የመካከለኛው ዘመን ምሽግ አለ፤ እሱን ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ስጠግን ከረምኩ። ከተመለስኩ ጀምሮ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚለኝ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ደክሞኛል፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

"ስንት ከፈሉህ?"

ምንም አልከፈሉኝም። የከፈልኩት እኔ ነኝ። የአውሮፕላን ቲኬቱ ከኪሴ ነው፣ ለምግብና ለማደሪያም መዋጮ አለ። በጎ ፈቃድ ማለት ይኼው ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፒየር ሴሬዞል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ ቬርደን አጠገብ በጦርነቱ የወደመ መንደር ለመጠገን ሄደ፤ ዛሬ በየአገሩ ያሉት የበጎ ፈቃድ የሥራ ካምፖች መነሻ እሱ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ራምፓር የሚባል የማኅበራት ኅብረት ከ1966 ጀምሮ የድሮ ግንብ በበጎ ፈቃደኛ ያስጠግናል። ዩኔስኮም ከ2008 ወዲህ በዓለም ቅርስ ቦታዎች ላይ ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። የትኛውም ቢሆን ደመወዝ የለውም።

"የመውጫ መንገድ ነው።"

አይደለም። ካምፑን የሚያዘጋጀው ማኅበር የሚልከው የግብዣ ደብዳቤ ቪዛ አይደለም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖር አንድ ወዳጄ "ካምፑም ቪዛውም በኔ ነው" ላለው ደላላ የዓመት ቁጠባውን ሰጠ። የመጣለት ደብዳቤ በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ የተጻፈበት ማኅበር ጭራሽ የለም። ልጁ እስካሁን ዕዳ እየከፈለ ነው። ስለዚህ ስሙኝ። ማኅበሩ ጋ ራሳችሁ ጻፉ። ካምፑ የሚካሄድበትን መንደር ፈልጉና ባለፈው ዓመት የተሠራውን ሥራ ፎቶ ጠይቁ፤ እውነተኛ ከሆነ በደስታ ነው የሚልኩላችሁ። ማመልከቻውን ወራት አስቀድማችሁ አስገቡ። ከሥራ ቦታችሁ ደብዳቤ ያዙ። ቃለ መጠይቅ ላይ የምትሄዱበትን ምክንያት እንዳለ ተናገሩ፣ ያልሆነ ነገር አትጨምሩ። ቪዛ ከተከለከላችሁም በሚቀጥለው ዓመት ሞክሩ እንጂ ደላላ ቤት አትሂዱ።

"አርኪዮሎጂ መማር ያስፈልጋል።" አያስፈልግም። እኔ ጋ የነበሩት ነርስ፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ዕድሜ አሥራ ስምንት ከሞላና መታዘዝ ከቻላችሁ ይበቃል።

"ወርቅ ትቆፍራላችሁ አይደል?" አንቆፍርም። ቁፋሮ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። በጎ ፈቃደኛው አፈር በወንፊት ይነፋል፣ የሸክላ ስባሪ ያጥባል፣ ግንቡ ላይ የበቀለ ሣር ይነቅላል። ይኼ ወሬ እኛ አካባቢ የጠነከረው በሀርላ ምክንያት ይመስለኛል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትመጡ የምታልፉት ሀርላ፣ ድንጋዩ ትልልቅ ስለሆነ ግዙፍ ሰዎች ኖረውበታል፣ ሀብትም ቀብረውበታል ሲባል አድገናል። ከኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከ2015 ጀምሮ ቦታውን ሲቆፍሩ ግዙፍ ሰው አላገኙም። ያገኙት የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ዶቃና የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ ነው። ለኔ ይኼ ከወርቅም ከግዙፍ ሰውም ይበልጣል። የቻይና ዕቃ ሳይቀር አያቶቻችን ገበያ ይደርስ ነበር ማለት ነው።

"ማደስ ማለት አዲስ ማድረግ ነው።" ይኼም ስህተት ነው። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ጥገና ግምት ከሚጀምርበት ላይ መቆም አለበት ይላል። ግንቡ ሦስት ሜትር እንደነበር ካወቅህ ሦስት ሜትር ትሠራለህ፤ ካላወቅህ ያለውን ታጸናለህ፣ እጅህን ትሰበስባለህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

"ሲሚንቶ ያጠነክረዋል።"

አቦ፣ ይኼን የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጎረቤት ይለዋል፣ ኮንትራክተር ይለዋል፣ ዲግሪ ያለው መሐንዲስ ሳይቀር ይለዋል። ይገባኛል፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው እዚሁ አጠገባችን ድሬዳዋ ነው፣ ሲሚንቶ ለኛ የቤት ልጅ ነው። ለአዲስ ፎቅ ጥሩ ነው፣ ክፉ አልልም። ለድሮ ግንብ ግን መርዝ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የድሮ ግንብ ድንጋይና ጭቃ ወይም ድንጋይና ኖራ ነው። ከመሬትም ከዝናብም ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ በልስኑ በኩል መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ስትለስንበት መተንፈሻው ይዘጋል። ውሃው ይገባል እንጂ አይወጣም። ውሃው ውስጥ ጨው አለ፤ ጨዉ ድንጋዩ ውስጥ ሲደርቅ ያብጥና ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። በዚያ ላይ ሲሚንቶ ግትር ነው። ግንቡ በሙቀትና በብርድ ትንሽ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው እሺ አይልም፤ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ነው። ኖራ ግን ከድንጋዩ ይለሰልሳል፣ አብሮ ይንቀሳቀሳል። መሰንጠቅ ካለም ቀድሞ የሚሰነጠቀው ኖራው ነው፤ እሱን ደግሞ በግንበኛ ማንኪያ መልሰህ ትሞላዋለህ።

ፈረንሳይ የደረስኩ ቀን ግንብ ላይ የምወጣ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግንበኛ መሮና መዶሻ ሰጠኝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው የምሽጉን የድንጋይ መገጣጠሚያ በሙሉ በሲሚንቶ ሞልቶታል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሠራነው እሱን መፈልፈል ነው። አንዱን ቁራጭ ሳነሳ ከኋላው ያለው ድንጋይ እጄ ላይ እንደ ስኳር ፈሰሰ። ሲሚንቶው ሙሉ ነው፣ ምንም አልሆነም። ድንጋዩ ነው ያለቀው። ሽማግሌው ዱቄቱን ከመዳፌ ላይ በጣቱ ነካ አደረገና አንገቱን ነቀነቀ። ቋንቋ አላስፈለገንም።

ፈረንጆቹም ከስህተታቸው ነው የተማሩት። አቴንስ ውስጥ የጥንቶቹ ግሪኮች ቤተ መቅደሶች ያሉበት አክሮፖሊስ ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒኮላኦስ ባላኖስ የተባለ መሐንዲስ ዕብነ በረዱን በብረት አያያዘው። ብረቱ ዛገ፣ አበጠ፣ ዕብነ በረዱን ሰነጠቀው። የጥንቶቹ ግሪኮችም በብረት ያያይዙ ነበር፣ ግን ብረቱን እርሳስ በሚባለው ለስላሳ ማዕድን ለብጠው ነው። በ1975 የተቋቋመው ኮሚቴ ያንን ብረት እያወጣ ቲታኒየም በሚባል በማይዝግ ማዕድን ይተካል። በጣሊያኗ ጥንታዊ ከተማ ፖምፔ ላይ ደግሞ በኖቬምበር 2010 አንድ ታዋቂ ሕንፃ ተደረመሰ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ከዓለም ጦርነቱ በኋላ የተጫነበት ከባድ የአርማታ ጣሪያ ነው። ሁሉም "እናጠንክረው" ብለው ነው የጀመሩት።

አክስቴ ጀጎል ውስጥ፣ ከአሚር ኑር የ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ፣ የአያቶቻችን ቤት አላት። ከተማው በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቤቷ ውስጥ ነደባው (የሐረር ቤት ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ)፣ ቀይ አፈሩ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት እኛው ቤተሰቦቿ ገንዘብ አዋጥተን የጓሮውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንላት። ደስ ብሏት ነበር። እኔም ያኔ አላውቅም።

ከፈረንሳይ ስመለስ ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁት። ባዶ በርሜል ነው የሚመስለው። "አክስቴ፣ ይኼ ይነሳ" አልኳት። "አንተ፣ አብደሃል? ገና አዲስ አይደል?" አለችኝ። የካቲት ላይ ጠብታ ዝናብ በሌለበት አንድ ክንድ ያህል አነሳሁላት። ከኋላው ያለው ጭቃ እርጥብ ነው። ስጨብጠው ቅርጹን ይዞ ቀረ። አክስቴ እጇን አስገብታ ነካችው፣ ሽታውን አሸተተች፣ ከዚያ ነደባው ላይ ያለው ስጋጃ ለምን እንደሚሻግት ሁልጊዜ ይገርማት እንደነበር ነገረችኝ። በማግሥቱ "ሁሉንም አንሳው" አለች።

አንድ የቀረኝ አለ፤ "ፈረንጆቹ ያውቁታል፣ እኛ አናውቀውም" የሚለው። ሽማግሌው ግንበኛ ጭቃና ጭድ እንዴት እንደማቦካ ሁለት ጊዜ አሠርቶ አይቷል፣ በስልኩም ቀርጾታል። ኖራም ከኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም፤ እናቶቻችን ለበዓል ግድግዳ ሲቀቡ አይደል ያደግነው? ፈረንሳይ የተማርኩት ትዕግሥቱን ነው። ድንጋዩን ቀድሞ በውሃ ማራስ። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ። በስሱ ለስኖ፣ ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ ማልበስ፣ ቀጣዩን ድርብ ለመለሰን ቀናት መጠበቅ። ኖራ ከአየር ጋር ቀስ እያለ ነው ወደ ድንጋይነት የሚመለሰው፤ ካቻኮልከው ይራገፋል።

የአክስቴ ግድግዳ አሁን ራቁቱን እየደረቀ ነው። ክረምቱ እንዳይገባበት ከላዩ ቆርቆሮ አድርጌለታለሁ። ኖራው ጓሮ ውስጥ በሁለት በርሜል፣ ላዩ ላይ ውሃ ተሞልቶ፣ ተቀምጧል። ውሃ ሲነካው ስለሚፈላ ልጆች እንዳይቀርቡ ብዬ ራሴ ነኝ ያራስኩት። ጥቅምት ላይ መለሰን እንጀምራለን። መማር የሚፈልግ ሰው ካለ ፈረንሳይ ድረስ ከመሄዱ በፊት እዚህ መጥቶ ይሞክረው። ጓንትና የዓይን መነጽር ይዞ ይምጣ፣ ምሳ አክስቴ ጋ ነው።