«ልጅ ልጅ ይላል»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። እንኳን አደረሳችሁ።

የዛሬ 3 ቀን፣ በጥምቀት፣ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕሩ ጫፍ ላይ ቆሜ ነበር። ውኃው እንደተባረከ ልጆቹ እየዘለሉ ገቡ። የቀሃ ውኃ በጥር ማለዳ እንዴት እንደሚያንዘፈዝፍ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። አንዱ፣ ቢበዛ 10 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ በሃይላንድ ጠበል ቀድቶ ወጣ። ግፊያውን ፈርተው ወደ ኋላ ለቀሩ እማሆይ ሰጣቸው። «እደግ ተመንደግ» አሉት። መልሶ ዘለለ።

ወዲህ ደግሞ ሁለት ጢማም ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። ምንጣፉን ማን ያንጥፍ ብለው! አንደኛው አኩርፎ የማኅበሩን ቲሸርት አውልቆ ጥሎ ሄደ። እማሆይ አዩት። «ምነው ይሄ ሰው ልጅ ልጅ ይላል?» አሉ። እኔ ግን ያን በብርድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ አይቼ፣ ስድቡ በልጆች ላይ ከበደብኝ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለይቶ ነግሮናል፦ «በአእምሮ ሕፃናት አትሁኑ፤ ለክፋት ነገር ሕፃናት ሁኑ እንጂ በአእምሮ የበሰሉ ሁኑ» (1ኛ ቆሮ. 14፥20)። እኛ ገለበጥነው። ነገር መጎንጎን፣ ቂም መቋጠር ላይ በስለናል። መታገሥ ሲመጣ ልጅ ነን። ልጅ እንኳ ቢያኮርፍ እናቱ ታባብለዋለች፤ ትንሽ ቆይቶ ከተጣላው ጋር ብይ ይጫወታል። የ40 ዓመት ሰው ሲያኮርፍ ማን ያባብለው? ስንቱ ማኅበር በኩርፊያ ፈረሰ!

ደግሞ ልጅነት እኮ ትልቅ ቃል ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስንጠመቅ ከማየ ገቦ፣ ከጌታ ጎን ከፈሰሰው ውኃ፣ የተቀበልነው ልጅነት ነው። የእግዚአብሔር ልጅነት። ልጅ ልጅ ማለት ካማረን እሱ ነበር።

ነገ ጥር 15 ቅዱስ ቂርቆስ ነው። 3 ዓመቱ ነበር። ስለ እምነታቸው ሊጣሉበት የነበረው የሚፈላ ውኃ ሲያስገመግም እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ፈራች። ልቧን ያጸናው ያ ጡት ከተወ ገና ብዙ ያልቆየ ሕፃን ነው። ስንት ጊዜ ሰማሁት፤ ዛሬም እዚህ ቦታ ስደርስ ድምፄ ይቆራረጣል። እሱም ልጅ ልጅ ይላል እንበል?

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ቲሸርትህን እማሆይ ከጭቃው አንስተው አጥበውልሃል። ነገ ቅዳሴ ይዘውት ይመጣሉ።