«መጀመሪያ ዋና ይማር፣ ከዚያ ቡድን ይገባል»፦ ስለ ልጆች የክረምት ዋና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ ሲገባደድ በሰፈራችን ወላጆች በተገናኙ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ የት ይዋሉ? የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ በኩል ነው። ያለፉትን ሦስት ክረምቶች ልጄን ወደ ልጆች የዋና ቡድን አመላልሻለሁ። ቡድኑ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት በአንድ ሆቴል ገንዳ ይሰለጥናል፤ እኔም ዳር ቆሜ ሰዓት እይዛለሁ፣ ፎጣ አቀብላለሁ። ለጎረቤቶቼ «ልጆቻችሁን አስመዝግቡ» ስል የሚመልሱልኝን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። አብዛኛው ከፍቅርና ከስጋት የሚመጣ ነው። ግን ልጆችን ከውኃ ያራቀ እየመሰለ ለባሰ አደጋ ያጋልጣቸዋል ብዬ ስለማምን አንድ በአንድ ላንሳው።

«መጀመሪያ ዋና ይማር፣ ከዚያ ቡድን ይገባል»

ብዙ ልጆችን ቤት ያስቀረው ይህ ሐሳብ ነው። ለውድድር የሚያዘጋጅ ክለብ ዋናተኞችን በፈተና ይመርጣል። የክረምት የመዝናኛ ቡድን ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ልጆችን እንደ ችሎታቸው በምድብ ከፍሎ ያስተምራል። በመጀመሪያው ቀን የሚደረገው ሙከራም ልጁ የትኛው ምድብ እንደሚገባ ለማወቅ እንጂ ለመጣል አይደለም። 25 ሜትር ያለ እርዳታ መዋኘት የሚችለውን ብቻ የሚቀበል ቡድንም ሊያጋጥም ስለሚችል ከምዝገባ በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ባለፈው ክረምት የመጣች አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። በመጀመሪያው ቀን የገንዳውን ጠርዝ ጣቶቿ እስኪነጡ ድረስ ጨብጣ አልለቅም አለች። አሰልጣኙ አልጎተታትም። ውኃው ውስጥ አጠገቧ ቆሞ «ሻይ እንደምታቀዘቅዢ እፍ በይው» አላት። እፍ አለችው። ቀጥሎ ከንፈሯን ነከረች፣ ቀጥሎ አፍንጫዋን፤ አረፋው ጉንጯን ሲኮረኩራት ሳቀች። የዚያ ቀን ትምህርቷ ይኸው ብቻ ነበር። ለማያውቅ ሰው ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን የዋና ሀሁ ትንፋሽን ውኃ ውስጥ ማስወጣት ነው። ትንፋሹን አፍኖ የሚይዝ ልጅ ሰውነቱ ይገተራል፣ ቀና ሲልም ማስወጣቱንና ማስገባቱን በአንድ ጊዜ ሊያደርግ ሲሞክር ውኃ ይውጣል። በሦስተኛው ሳምንት ያቺ ልጅ በጀርባዋ ተንሳፋ ጣሪያውን ስታይ እናቷ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

«ክረምት ነው፤ ብርድ ይመታዋል»

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ውኃ ውስጥ መግባት ብቻውን ማንንም ጉንፋን አያስይዝም። በሐምሌና በነሐሴ ልጆች ቤት ዘግተው፣ ተጠጋግተው መዋላቸው ለጉንፋኑ ይበልጥ ይመቸዋል።

ይሁንና እናቶች ብርዱን መፍራታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ሃያ አምስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ የልጅ ገላ ደግሞ ከአዋቂው ቶሎ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና የክረምት ጠዋቷን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ስትመዘግቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ገንዳው ይሞቃል ወይ ብላችሁ ይሁን። ከንፈሩ የጠቆረ፣ ጥርሱ የሚንቀጫቀጭ ልጅ «ትንሽ ልቆይ» ቢልም መውጣት አለበት። ደረቅ ፎጣ፣ ሹራብ፣ ኮፍያና አንድ ፔርሙስ ትኩስ ሻይ ከየትኛውም ውድ መነጽር ይቀድማሉ።

በክረምት ከብርዱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ መብረቅ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ልጅ ከገንዳ ይወጣል፤ ተመልሶ የሚገባውም ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ይህን ደንብ የማያከብር አሰልጣኝ ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

«ክሎሪኑ ከሸተተ ውኃው ንጹሕ ነው»

ተቃራኒው ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታና ዓይን የሚያቀላው ነገር በአብዛኛው የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ከሚፈጠረው ውህድ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ እምብዛም አይሸትም። ልጆች ከመግባታቸው በፊት ገላቸውን መታጠባቸው፣ ሽንት ቤት መሄዳቸው ለዚህ ነው። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ደግሞ ቤት አስቀሩት፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በክሎሪን ውኃ ውስጥ ከሳምንት በላይ በሕይወት ሊቆይ ይችላል።

«ዋና የእኛ ስፖርት አይደለም»

በጣና፣ በሐዋሳና በባሮ ዳርቻ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ሙሉዓለም ግርማ እና ያኔት ሥዩም በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ኢትዮጵያን ወክለው ዋኝተዋል። የጎደለን ገንዳና አሰልጣኝ ነው።

«ቡድን ከገባ ማሸነፍ አለበት»

በክረምቱ መጨረሻ የሚደረገው ውድድር ልጁ ከራሱ ሰዓት ጋር የሚወዳደርበት ነው። በሐምሌ መጀመሪያ 25 ሜትር በ48 ሰከንድ የጨረሰ ልጅ በነሐሴ በ39 ከጨረሰ፣ አራተኛ ቢወጣም እሱ ሲጮህ መስማት ነው! ሰዓት የምንይዘው እኛ ወላጆች ነን። ለአንድ ዋናተኛ ሦስት ሰው ይይዛል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ያ ይጸድቃል፣ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ይወሰዳል። ልጄ ይህን ካወቀ ወዲህ «አባባ፣ የአንተ ሰዓት መካከለኛው ነበር?» ብሎ ይጠይቀኛል።

«ለሴት ልጅ አይሆንም»

አለባበስ የሚያሳስባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ተገቢ ነው። እጅና እግርን የሚሸፍን የዋና ልብስ አለ፤ ብዙ ቡድኖችም ይፈቅዳሉ። ዋናው ነገር ለዋና በተሠራ ጨርቅ የተሰፋ መሆኑ ነው፤ የጥጥ ቲሸርትና ሱሪ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ የልጅቷን እንቅስቃሴ ያውካል፣ ያደክማታልም። የወር አበባም ከዋና አያግድም፤ የሚሆን መጠበቂያ መርጦ መግባት ይቻላል፣ ካልተመቻት ደግሞ ያን ቀን ብታርፍ ማንም ሊጠይቃት አይገባም።

«ዋና ከቻለ ውኃ አያሰጋውም»

ከሁሉም የማዝንበት ይህኛው ነው። በከተማዋ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች የድንጋይ ካባዎችን እናውቃቸዋለን። ለግንባታ ድንጋይ ወጥቶባቸው፣ ሳይደፈኑ ተትተው፣ ክረምት ሲገባ በዝናብ ይሞላሉ። ዳራቸው ገደል ነው፤ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም፣ የሚያዝ ነገር የለም። የከተማዋ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ እነዚህ ጉድጓዶችና ስለ ወንዞች ያስጠነቅቃል፤ በየክረምቱም ልጆች ይሞታሉ። ገንዳ ውስጥ 25 ሜትር የዋኘ ልጅ እዚያ የተማረው ጥርት ባለ፣ ጠርዝ ባለው፣ አሰልጣኝ በቆመበት ውኃ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቡድን የትኛው ውኃ ውስጥ እንደማይገባም ያስተምራል። ልጃችሁን የምታስመዘግቡበትን ቡድን «ስለ ካባና ስለ ወንዝ ታስተምራላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወላጅ አድርሶ ይመለስ የሚለውም የተሳሳተ ነው። የሚሰምጥ ሰው ይጮሃል፣ እጁን ያወናጭፋል ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ ግን ድምፅ የለውም። አፉ ከውኃው ጋር እኩል ይሆናል፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጆቹ ውኃውን ወደ ታች ለመጫን ይሞክራሉ፤ ለመጣራት ትንፋሽ የለውም። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊያበቃ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል። በአየር የሚነፋ የክንድ መንሳፈፊያም የሰውን ዓይን አይተካም። ስለዚህ ዳር ላይ ስትቀመጡ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ጓደኛው ሲሰምጥ ያየ ልጅ ዘልሎ መግባት ይቀናዋል፤ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ልጆች የሚሞቱትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አሰልጣኛችን ነሐሴ ላይ ለዚህ አንድ ሙሉ ጠዋት መድቦ ነበር። ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጆሮው ላይ ገመድ አሰረ፤ ልጆቹን በመስመር አቆማቸው። ሰው ጥራ፣ እንጨት አቀብል፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውር፤ አንተ ግን አትግባ። ተራ በተራ ወረወሩ። በመጀመሪያው ቀን ጠርዙን አልለቅም ያለችው ልጅ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ከታች አወዛውዛ ወረወረችው። ገንዳው ውስጥ ከሚጠብቀው ልጅ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቶት ወደቀ። ገመዱን እየሰበሰበች መልሳ ሳበችው፣ ውኃው ጉልበቷ ላይ እየተንጠባጠበ እግሯን አመቻቸች፣ እንደገና ወረወረች። ልጁ ያዘው።